እውነት ወይስ ተረት? በአሮጌ መኪና እስከ ሶር

የጊቤን ድልድይ ተሻግረን ወደ አበልቲ የሚወስደውን አቀበት አጋምሰን ሳለ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ነካ። ባለቤቴ ከኋላ «ምን ሸተተኝ?» አለች። መኪናችን ዕድሜዋ ከልጆቻችን የሚበልጥ ናፍጣ ሃይስ ናት። ውጭ አገር አልጋና ማድቤት ያለው መኪና ከነሙሉ ዕቃው ተሠርቶ ይሸጣል፤ እኛ የኋላ ወንበሮቹን ነቅለን ፍራሽ ዘረጋን፣ ቡታጋዝ አሰርን፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቀልን፣ በቃ። ሐሳባችን መቱ ደርሰን የሶርን ፏፏቴ ለማየት ነው፤ ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ አድርጎ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ከመነሳታችን በፊት ያልመከረን የሰፈር ሰው የለም። መካሪዎቼን አልወቅስም። አዲስ መኪና መግዛት የሚችለው ጥቂት ሰው ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው። ስለዚህ ያለንን እንጠግናለን፣ የጥገና ዕውቀታችንም ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። ችግሩ ለሌላ መኪናና ለሌላ መንገድ ትክክል የነበረ ምክር ለኛዋ ሃይስ ሲሰጥ ነው።

«ቴርሞስታቱን አውጣው፣ ሞተሩ አይግልም።»

ተረት ነው፤ እኔንም አቀበት ላይ ያቆመኝ ይኸው ነው። ከመነሳታችን ሳምንት በፊት አንድ መካኒክ ነቅሎ በእጄ አስይዞኝ ነበር፣ እንደ ውለታ። ጅማ ያገኘሁት ሌላ መካኒክ አዲሱን ከመግጠሙ በፊት ገልብጦ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ክብ ሳህን አሳየኝ። ሞተሩ ሲግል ቴርሞስታቱ ወደ ላዲያተሩ የሚወስደውን በር ይከፍትና በዚያችው ሳህን አቋራጩን መንገድ ይደፍናል። እሱ ከሌለ አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ከውኃው ከፊሉ ላዲያተሩን ሳይነካ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ሜዳ ላይ አይታወቅም። ረጅም አቀበት ላይ ግን ጭነቱ ሲበረታ ጉዱ ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ በተቃራኒው ሞተሩ ከልክ በላይ ይበርድና ነዳጅ ይበላል። እንዲህ ያለ አቋራጭ የሌላቸው የድሮ ሞተሮች አሉ፤ ምክሩ ከነሱ የተረፈ ይመስለኛል።

«ላዲያተር ውኃ ካለው ይበቃል፤ ክዳኑ ክዳን ነው።»

ክዳኑ ክዳን ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ የሚሠራ ሞተር ሙቀት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ደህና ክዳን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የእኛን ክዳን ገልብጬ ሳየው ጎማው እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ግፊት የማይዝ ክዳን ያንን ሁሉ ዲግሪ ይሰርቃል። ኩላንትም የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል፤ የምንጭ ውኃ ሲሞላ የኖረ ላዲያተር ውስጡ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አይከራከረኝም። ክዳኑን ግን ሞተሩ እንደጋለ አትክፈቱ። እኛ መንገድ ዳር ቡና አፍልተን ጠበቅን።

«ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርግ፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ።»

ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው፣ ሰው ይገድላልና። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፣ ድልድዩ ጋ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ነው። መኪና ፎሌ ሆኖ ሲወርድ ሞተሩ አይይዘውም፤ ክብደቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ መያዙን እየቀነሰ ይሄዳል። የፍሬን ዘይትም የራሱ ጣጣ አለው፦ ከአየር እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ዝቅተኛ መለኪያው 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ከአንድ ቀን የሆቴል ወጪ ብዙም አይበልጥም።

የነዳጁ ቁጠባስ? እሱም የለም። ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሱ የናፍጣ ፓምፑ ነዳጁን ይዘጋል፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ራሱ ነው። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። የድሮ ሾፌሮች «አቀበቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» ይሉ ነበር። ይህኛው ምክር ተረት አይደለም።

«መንገዱ ስለሚያግለው ጎማህን ትንሽ አስተንፍሰው።»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የጎማ ሙቀት በአብዛኛው የሚመጣው ጎኑ እየተጣጠፈ ሲሄድ ነው፤ አየሩ ሲያንስ መጣጠፉ ይብሳል። ሲጓዙ ልኩ ከፍ ማለቱ በስሌት ውስጥ የገባ ነው። በጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ በሩ መቃን ላይ በተለጠፈው ልክ ማስሞላት ነው። ጎሚስታው በመርገጥ የሚለካ ከሆነ የራስዎን መለኪያ ያውጡ።

ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደህና ነው የሚባለውም እንዲሁ ነው። ሰልባጅ ስትገዙ ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተመረተ ነው። አሥር ዓመት የሞላውን ጥርሱ ቢያምርም ተዉት። ተጠባባቂ ጎማውንም አትርሱ፤ እዚያ ታስሮ የሚያረጅ እሱ ነው።

«ቦሎው ታድሷል፣ ምን ታያለህ?»

ቦሎ መኪናው በምርመራው ቀን እንዳለፈ ይናገራል። ቺንጋው ሊበጠስ መቃረቡን፣ የላዲያተሩ ቱቦ መለስለሱን አይናገርም። ሁለቱንም በጣት መጫን አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል።» ይኸኛው ግማሽ እውነት ነው። ዘይት ለሚበላ ሞተር መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል፤ በብርድ ጠዋት ግን ወፍራም ዘይት የሞተሩ አናት ለመድረስ ይዘገያል፣ መፋተጉም የሚብሰው ያኔ ነው። የመኪናው መጽሐፍ ከፈቀደው አይለፉ፣ አንድ ሊትር ትርፍ ይያዙ።

ፖርቶ መጋላ ላይ ስለሚጫነው ብዙ አልልም። ከኢሉባቦር ማርና ቡና ሳይጭን የሚመለስ የለም። ጋምቤላ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሠረት የንግድ ጣቢያ ከሆነ በኋላ የጎሬ ቡና በበቅሎ ወደዚያ ይወርድ ነበር፤ ነጋዴው የጭነቱ ግራና ቀኝ ካልተመጣጠነ በቅሎዋን አያስነሳም። እኛ ከባዱን ሁሉ ጣሪያ ላይ እንቆልልና መኪናዋ ኩርባ ላይ ስታዘም እንገረማለን።

ከበደሌ በኋላ ደኑ እየተጠጋ፣ ዝናቡም እየተደጋገመ መጣ። እዚህ የሚሰማው ተረት ደግሞ «ፎር ዊል ካለህ ጭቃ አትፈራም» የሚል ነው። ፎር ዊል ያስነሳል እንጂ አያቆምም፤ የኢሉባቦር ቀይ አፈር ሲርስ የሚያዳልጠው አራቱንም ጎማ ነው። የእኛዋ ሃይስማ ፎር ዊልም የላት። ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀን፣ በበቾ በኩል ወደ ፏፏቴው የምትገባዋን መንገድ ከአካባቢው ሾፌሮች ጠይቀን ገባን። ሁለቱንም፣ የመንገዱን ጭቃና የመንገዱን ሰላም፣ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

መኪናዋን አቁመን የቀረውን በእግር ሄድን። ቅጠሉ ያንጠባጥባል፣ ከላይ ጉሬዛዎች ይዘላሉ፤ የሶር ድምፅ ከመታየቱ በፊት እግር ሥር ይሰማል። ከዚያ ቋጥኙ በግማሽ ክብ ተከፈተ፣ ውኃውም ከአፋፉ ወደቀ። ልጆቹ በጉሙ ረጥበው ተመለሱ።

ማታ መቱ ናፍጣ ለመሙላት ስንቆም አንድ የቅጥቅጥ ሾፌር መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያት፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ፍራሹን ተመለከተና ሳቀ። ኮፈኑን መታ መታ አድርጎ «በዚህች ነው ጊቤን የወጣኸው?» አለኝ።

«በዚህችው።»

«ጎበዝ። ቴርሞስታቱን አውጥተህላታል ማለት ነው።»