ገለባና ባዶ አፈር ከሰማይ ሲለዩ

በአዊ ዞን አዝመራው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚጓዝ ነጋዴ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው መሬት ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለዋል። ነገር ግን አንደኛውን ማሳ የገብሱ ወይም የበቆሎው ተረፈ ምርት ሸፍኖታል፤ ሌላው ተራቁቶ ቀርቷል። ልዩነታቸው የሚገለጠው ክረምት ሲገባ ነው። ገለባ የለበሰው ማሳ የዝናቡን ምት ተቀብሎ ውኃውን ወደ ውስጥ ሲያሰርግ፥ የተራቆተው አፈሩን ለጎርፍ ይሰጣል። አፈሩ የታጠበበት ማሳ ለገበያ የሚያወጣው እህል እያነሰ ስለሚሄድ፥ ጉዳዩ የገበሬው ብቻ ሳይሆን የእህል ነጋዴውም ነው።

ይህን ልዩነት ከሰማይ ማወቅ ይቻላል። ደረቅ ገለባና ደረቅ አፈር በዓይን በሚታየው ብርሃን እጅግ ይቀራረባሉ። ሆኖም ገለባው ሴሉሎስና ሊግኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉት፥ የሞገዱ ርዝመት 2.1 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነውንና ለዓይን የማይታየውን ብርሃን ይውጣል፤ አፈሩ ግን በዚህ ሞገድ ላይ ያን ምልክት አያሳይም። ይህን ጠባብ ሞገድ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ ሁለቱን በደኅና ይለያቸዋል። በ1974 ዓ.ም. የመጠቀው ላንድሳት 4 እና ተከታዮቹ፥ እንዲሁም የአውሮፓው ሴንቲኔል 2፥ የሚለኩት ሰፋ ያሉ ሞገዶችን ስለ ሆነ፥ ባለሙያዎች በ1.6 እና በ2.2 ማይክሮሜትር ገደማ ያሉትን ሁለቱን በማነጻጸር ግምት ያወጣሉ።

ዘዴው ወሰን አለው። በሴንቲኔል 2 ሥዕል በእነዚህ ሞገዶች አንዲት ነጥብ 20 ሜትር በ20 ሜትር፥ ማለት 400 ካሬ ሜትር ትሸፍናለች። ሩብ ሄክታር የሆነ ማሳ እንግዲህ ከ6 ነጥብ እምብዛም አይበልጥም፤ በዳር ያሉትም ነጥቦች ከጎረቤት ማሳና ከባሕር ዛፍ ጋር ይቀላቀላሉ። እርጥበት ገለባውንም አፈሩንም ስለሚያጠቁር ምልክቱን ያደበዝዛል፤ በክረምት ደግሞ ደመና ይጋርዳል። ስለዚህ የተሻለው ጊዜ በጋ ነው።

ሥዕሉም በምድር ላይ መረጋገጥ ይገባዋል። 100 ምልክት የተደረገበት ገመድ በማሳው ላይ ተዘርግቶ ገለባ የነኩት ምልክቶች ሲቈጠሩ 30 ቢሆኑ፥ ከማሳው ከመቶ 30 እጁ ተሸፍኗል ማለት ነው። በውጭ አገር አፈር ጠባቂ የሚባለው እርሻ ከዘር በኋላ ቢያንስ ይህን ያህል ሽፋን ያለው ነው።

የሰማይ ምልከታ ለአዊ እንግዳ አይደለም። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች የእህል ማሳቸውን ለከሰል በሚሆነው የዲከረንስ ዛፍ ሲተኩ፥ ለውጡ በላንድሳት ሥዕሎች ተመዝግቧል። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች። ይሁን እንጂ ደንን ከእርሻ መለየት ገለባን ከአፈር ከመለየት ይቀላል።

ነገሩ ወደ ገበያ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ገለባውን ከማሳው የሚያነሣው በቸልተኝነት አይደለም፤ ለከብቱ መኖ፥ ለቤቱ ምርጊት፥ ለምድጃው ማገዶ ስለሚያስፈልገው ነው። ምትኩን ሳያቀርቡ «ገለባውን ተወው» ብሎ መምከር ፍሬ የለውም። የኑግ ፋጉሎና ሌላ መኖ በተመጣጣኝ ዋጋ ለዳንግላና ለእንጅባራ ገበያ የሚያደርስ ነጋዴ ግን፥ ከገለባው ጥቂቱ በማሳው ላይ እንዲቀር ያግዛል። ሳተላይቱ መሬቱ የት እንደ ተራቆተ ያሳያል፤ መኖውን ወደዚያ የሚያደርሰው ንግድ ነው። በዚህ ዓመት የዳነው አፈር ለከርሞ እህል ሆኖ ወደ ነጋዴው መጋዘን ይመለሳል።