የሳቅ መጽሐፍ ሒሳቡ የሚዘጋው ከምርቃቱ በኋላ ነው

መጽሐፍ ሲመረቅ አዳራሹ ይሞላል፤ ደራሲው ያነባል፣ ይፈርማል፣ ታዳሚውም እየሳቀ ይገዛል። ለአሳታሚው ግን ዕለቱ ከትርፍ ይልቅ የወጪ ቀን ነው። አዋጭ መሆን አለመሆኑ የሚለየው ከወራት በኋላ፣ ያልተሸጠው መጽሐፍ በካርቶን ታሽጎ ወደ መጋዘን ሲመለስ ነው።

የካናዳው አሳታሚ ዳግላስ ኤንድ ማክንታየር ይህ ንግድ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ዕዳው ከብዶት ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ጠየቀ። በ2013 የሃርበር ፐብሊሺንግ ባለቤቶች ገዝተው ከመዘጋት አዳኑት። በ2016 ደግሞ ይኸው ስም ያረፈበት አንድ መድበል ለገበያ ቀረበ፤ የድሩ ሄይደን ቴይለር «ቴክ አስ ቱ ዩር ቺፍ»፣ ትርጉሙም «ወደ አለቃችሁ ውሰዱን» ማለት ነው።

ቴይለር በ1962 ኦንታሪዮ ውስጥ ኬርቭ ሌክ በተባለ የኦጂብዌ ነባር ሕዝብ መንደር የተወለደ፣ ይበልጡን በተውኔት የሚታወቅ ደራሲ ነው። መድበሉ 9 አጫጭር ልብወለዶችን ይዟል። ሳይንሳዊ ምናብንና ቀልድን ከነባሩ ሕዝብ ኑሮ ጋር ያዋሕዳል።

ለነጋዴ ዓይን ይህ አደገኛ ዕቃ ነው። አጫጭር ልብወለድ ከረጅሙ ይልቅ ለመሸጥ ያስቸግራል። ከዚህም በላይ ገበያው ከነባር ሕዝቦች ደራሲ የሚጠብቀው የመከራ ታሪክ ነው። ገዢው ዕንባ ብቻ ከፈለገ የሚያስቀው ደራሲ ከመደርደሪያ ውጪ ይቀራል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። የአንድ መጽሐፍ ዋጋ 20 ዶላር ነው እንበል። በተለመደው አሠራር መደብሩ 40 በመቶ፣ ማለትም 8 ዶላር ያህል ይወስዳል። አሳታሚው 1,000 ቅጂ ቢልክ በደረሰኝ 12,000 ዶላር ይታየዋል። ዳሩ ግን መደብሩ ያልሸጠውን የመመለስ መብት አለው። 300 ቅጂ ቢመለስ 3,600 ዶላር ይቀነስና 8,400 ይቀራል። በተሸጠው 700 ቅጂ ላይ የደራሲው ድርሻ 10 በመቶ ቢሆን 1,400 ዶላር ይወጣል። አርትዖት፣ ማተሚያ ቤት፣ ማጓጓዣ፣ አከፋፋይና የምርቃቱ ድግስ ሁሉ ከቀሪው 7,000 ዶላር ይሸፈናሉ። በመሆኑም የመጀመሪያው ወር ደረሰኝ «ላም አለኝ በሰማይ» እንደሚባለው ነው።

ታዲያ አሳታሚው በምን ይተማመናል? አንደኛው ድጎማ ነው። የካናዳ የሥነ ጥበብ ምክር ቤትና የፌዴራሉ መንግሥት የመጽሐፍ ፈንድ ለአገሬው አሳታሚዎች ገንዘብ ይሰጣሉ። ሁለተኛውና ዘላቂው ትምህርት ቤት ነው። በ2015 የካናዳ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን 94 ጥሪዎችን ሲያቀርብ የነባር ሕዝቦች ታሪክ በትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ አሳሰበ። በ2023 የቶሮንቶ የትምህርት ቦርድ በነባር ሕዝቦች ደራስያን ሥራዎች ላይ የተመሠረተው የ11ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ግዴታ እንዲሆን ወሰነ።

አጭር ልብወለድ እዚህ ላይ ድካሙ ብርታት ይሆንለታል። አንዱ ታሪክ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነቦ ውይይት ይደረግበታል። መምህሩ ከወደደው ትእዛዙ በሚቀጥለው ዓመትም ሊመጣ ይችላል።

ቀልዱም ቢሆን ማባበያ ብቻ አይደለም። ከ9ኙ አንዱ «ሚስተር ጊዝሞ» ራሱን ሊያጠፋ የተቃረበን ወጣት አንድ አሻንጉሊት ሮቦት ሲያነጋግረው ያሳያል። በጥናት ወረቀት ሲቀርብ አንባቢ የሚሸሸው ጉዳይ በዚህ መንገድ ተማሪው ዘንድ ይደርሳል። ዳግላስ ኤንድ ማክንታየር ገና በ2005 ቴይለር ያሰናዳውን፣ ስለ ነባር ሕዝቦች ቀልድ የሚያወሳውን «ሚ ፈኒ» ያሳተመ በመሆኑ ለዚህ ገበያ እንግዳ አልነበረም።

እንዲህ ባለ መጽሐፍ ላይ ገንዘቡን ሊያውል የሚያስብ ሰው በምርቃቱ ዕለት የተሸጠውን ቢቆጥር ይሳሳታል። ሊጠይቅ የሚገባው ስንቱ ቅጂ እንደተመለሰ፣ በሁለተኛው ዓመት ማን እንደገና እንዳዘዘና የማሳተም መብቱ በማን እጅ እንዳለ ነው።