ሁለተኛው ራውተር በጅቡቲ ቤቶች

ጅቡቲ ከተማ በስፋቷ ትንሽ ብትሆንም በዓለም የኢንተርኔት ካርታ ላይ ትልቅ ቦታ አላት። እስያን ከአውሮፓና ከአፍሪካ የሚያገናኙ በርካታ የፋይበር ገመዶች ከባሕር የሚወጡት እዚህ ነው፤ ሲ-ሚ-ዊ 5 እና ኤኤኢ-1 ከእነዚህ መካከል ናቸው። ኢትዮጵያ ከውጭው ዓለም ከምትገናኝባቸው ዋና መስመሮች አንዱም በዚሁ ያልፋል። ያም ሆኖ በዚህችው ከተማ ሳሎን ቁጭ ብሎ ቪዲዮ ሲያይ የቆየ ሰው መኝታ ቤት ሲገባ ምስሉ ቀጥ ይልበታል።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የግድግዳው ነው። በቀድሞው የምኒልክ አደባባይ አካባቢ ካሉት የፈረንሳይ ዘመን ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከኮራል ድንጋይ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ አላቸው። አዳዲሶቹ ቤቶች ብሎኬት፣ ኮንክሪትና ፌሮ ናቸው። በባልባላ ሰፈር ደግሞ የቆርቆሮ ቤት ብዙ ነው፤ ብረት የራዲዮ ሞገድን ከማሳለፍ ይልቅ ወደመጣበት ይመልሰዋል። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ግድግዳን በተሻለ ያልፋል፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን አንድ ሁለት ግድግዳ ሲገጥመው ይደክማል።

ስለዚህ ሰዎች ሁለተኛ ራውተር ይገዛሉ። ከመግዛታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል፦ ሁለተኛው ራውተር ከጅቡቲ ቴሌኮም የሚገባውን ፍጥነት አንዲት ነጥብ አይጨምርም። የሚጨምረው የሚደርስበትን ቦታ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ዕቃው ከካርቶን ወጥቶ እንዲሁ ሲሰካ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ ራውተር ሁሉ ራሱን የቤቱ አለቃ አድርጎ ያስባል፤ ለስልክና ለኮምፒውተር አድራሻ የሚያድለው እኔ ነኝ ይላል። የአድራሻ ዕደላው ሥራ ዲኤችሲፒ ይባላል። ሁለት አለቃ ባለበት ቤት በሁለተኛው ራውተር የተገናኘው ኮምፒውተር ሳሎን ያለውን ፕሪንተር ላያገኘው ይችላል፤ አንዳንድ ጨዋታና የቪዲዮ ጥሪም ይቸገራል። ሁለቱም 192.168.1.1 የሚል ተመሳሳይ አድራሻ ይዘው ከመጡማ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ብቻ ይፈልጋል። አዲሱ ራውተር ከአሮጌው ጋር ሳይገናኝ በፊት ለብቻው ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል። አድራሻው ለምሳሌ 192.168.1.2 ይደረጋል፤ ይህ ቁጥር የመጀመሪያው ራውተር ለሌሎች ከሚያድላቸው ውጭ መሆን አለበት። ቀጥሎ የአዲሱ ዲኤችሲፒ ይዘጋል። ከዚያ ገመዱ ከአሮጌው ራውተር የላን ቀዳዳ (የቤቱ ዕቃዎች ከሚሰኩበት) ወደ አዲሱ የላን ቀዳዳ ይሰካል፤ በአዲሱ ላይ ከውጭ የሚመጣው መስመር የሚሰካበት፣ ዋን የሚለው ቀዳዳ ባዶ ይቀራል። በብዙ አዳዲስ ራውተሮች ላይ «አክሰስ ፖይንት» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን የመረጠ ሰው ይህን ሁሉ አይለፋም፣ ገመዱን የት እንደሚሰካም መመሪያው ይነግረዋል። በሁለቱ ራውተሮች መካከል ሁለት ገመድ መዘርጋት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መልእክቱ ዙሪያውን እየዞረ መላ ኔትወርኩን ያንቀዋል።

የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል በሁለቱም ላይ አንድ ቢሆን ስልኩ ከክፍል ክፍል ሲሄድ ራሱ ይቀያየራል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናላቸው ግን መለያየት አለበት፤ እርስ በርስ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው።

ገመድ መዘርጋት የሚቻል ከሆነ ከገመድ የሚበልጥ የለም። ተራው የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ለመኖሪያ ቤት ይህ ከበቂ በላይ ነው። የኤሲው ቧንቧ የወጣበት ቀዳዳ ካለ ግድግዳ እንደገና መብሳት ላያስፈልግ ይችላል። በውጭ የሚያልፈው ግን ለፀሐይ የተሠራ ገመድ ይሁን፤ ተራው ልባስ በዚያ ፀሐይ ቶሎ ይሰነጣጠቃል። ቤቱ የኪራይ ሆኖ አከራዩ መብሳት ከከለከለ ሪፒተር ወይም ሜሽ የሚባሉት ዕቃዎች ምልክቱን ያለ ገመድ ተቀብለው ያስተላልፋሉ። በአንድ ራዲዮ የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ሪፒተር ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ምልክት በጠፋበት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከመጀመሪያው ራውተር ወደዚያ በሚወስደው መንገድ አጋማሽ መቀመጥ አለበት፤ ያልደረሰውን ሊያደርስ አይችልምና።

ሙቀቱ ደግሞ የጅቡቲ የራሷ ጉዳይ ነው። ብዙ የቤት ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላለ አየር ነው። በሙቀቱ ወራት፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነፍስ፣ የውጭው ሙቀት ከዚያ ያልፋል፤ የተዘጋ ቁም ሳጥን ወይም ጣሪያ ሥርማ የባሰ ነው። የጨው አየሩም የገመዱን መሰኪያ ይበላዋል። እናም ሁለተኛው ራውተር አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ፣ ከተቻለ ኤሲ በሚሠራበት ክፍል፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል።

ችግሩ ግን ሁልጊዜ የቤቱ አይደለም፤ በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ ኤኤኢ-1ን ጨምሮ ሦስት ገመዶች ተጎድተው ነበር። እንዲህ ያለውን ጉዳት በቤት ውስጥ የተደረደረ ራውተር አያድነውም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ኮምፒውተሩን ከመጀመሪያው ራውተር ጋር በገመድ አገናኝቶ ፍጥነቱን መለካት፣ ከዚያ ምልክት በደከመበት ክፍል በዋይፋይ መድገም ይበጃል። በገመዱም ቀርፋፋ ከሆነ ጉዳዩ የመስመሩ ነው፤ በገመዱ ጥሩ ሆኖ በክፍሉ ከወደቀ ብቻ ሁለተኛ ራውተር ይገዛል።