በወልድያና በመርሳ ጎዳናዎች የብስክሌት ቦታ የት ነው?

በሰሜን ወሎ ዞን ከተሞች ብስክሌት እንግዳ ነገር አይደለም። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ወጣቱ ሠራተኛ ወደ ሥራው፣ ነጋዴውም ወደ ገበያ ይነዳዋል። ይሁን እንጂ ነጂው በየዕለቱ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ቦታው የት ነው? ወደ አስፋልቱ መሐል ሲገባ አሽከርካሪው ጡሩምባ ይነፋበታል። ወደ እግረኛ መሄጃ ሲወጣ እግረኛው ይቆጣዋል። የመንገዱን ጠርዝ ሲይዝ ደግሞ የቆመ ባጃጅ፣ የተከመረ አሸዋ ወይም ክዳኑ የተነሣ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ይጠብቀዋል።

ሕጉ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 “ተሽከርካሪ” ለሚለው ቃል በሰጠው ትርጉም ብስክሌትን ከጋሪ፣ ከባለሞተር ተሽከርካሪና ከተሳቢ ጋር በአንድነት ጠርቶታል። ስለዚህ ብስክሌት መጫወቻ አይደለም፤ ነጂውም በጎማ የሚሄድ እግረኛ አይደለም። ብስክሌት ተሽከርካሪ ነው፤ እንደ ተሽከርካሪም መብትና ግዴታ አለው። በከተሞቻችን ነጂውን ለአደጋ ከሚያጋልጡት ነገሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህ ነገር ከመዘንጋቱ ነው። የሚዘነጋውም አሽከርካሪው ብቻ አይደለም፤ መንገድ ሠሪውና ራሱ ነጂውም ይዘነጉታል።

ዳገትና ቁልቁለት

ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 100 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 1 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል 500 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ ማለት ነው። ልዩነቱ በመንገዱ ሁሉ እኩል ቢከፋፈል ኖሮ በየኪሎ ሜትሩ 17 ሜትር ገደማ ብቻ በሆነ ነበር፤ ይህም ለጤነኛ ሰው የሚከብድ አይደለም። መንገዱ ግን እንዲህ አይሄድም። ወንዝ ለመሻገር ይወርዳል፣ ሸንተረር ለማለፍ ይወጣል። ወልድያ ራሷም ብትሆን በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ በመሆኗ፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚሄድ ነጂ በአጭር ርቀት ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ይቀምሳል።

በሜዳ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው፣ በእግሩ ሲሄድ በሚያወጣው ጉልበት ሦስት እጥፍ ያህል ርቀት ሊሄድ ይችላል። ዳገት ላይ ግን ነጂው የራሱን፣ የብስክሌቱንና የጭነቱን ክብደት ሽቅብ ማንሣት ስላለበት ይህ ብልጫ ይቀንሳል። የማርሽ ጥቅም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ቀላል ማርሽ ሥራውን አይቀንሰውም፤ እግር በእያንዳንዱ ዙር የሚሸከመውን ያሳንሳል እንጂ። ስለዚህ ለወልድያ ነዋሪ ማርሽ ያለው ብስክሌት ቅንጦት አይደለም። እንደ መርሳ ባለ ይበልጥ ሜዳማ በሆነ ስፍራና በግራና አካባቢ ባለው ዝርግ መሬት ግን ማርሽ የሌለው ጠንካራ ብስክሌት በቂ ነው። ዋጋው ይረክሳል፤ የሚበላሽበት ነገርም ጥቂት ነው።

አደጋ የሚያመጣው ግን በአመዛኙ ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌት በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። ነጂው አንድ በግ ወደ መንገዱ መግባቷን አይቶ ጣቱን ወደ ፍሬኑ እስኪያደርስ ድረስ ያን ያህል ርቀት አልፏል። ቸርኬን በላስቲክ የሚይዝ ፍሬን በረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ሲያዝ ይግላል፤ በክረምት ሲረጥብም መያዙ ይቀንሳል። በመሆኑም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት የሁለቱንም ፍሬኖች ገመድ መመልከት፣ ሲወርዱም የፊቱንና የኋላውን አብሮ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መጠቀም ያስፈልጋል። የፊቱን ብቻ በድንገት መያዝ ነጂውን በመሪው ላይ አሻግሮ ሊጥለው ይችላል።

ቀኝ መያዝ ወይስ ግራ?

ብዙ ነጂዎች የሚሳሳቱበት ጉዳይ ይህ ነው። እግረኛ የእግር መንገድ በሌለበት ስፍራ ግራውን ይዞ፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያየ እንዲሄድ ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሯል። ይህንኑ ልማድ ወደ ብስክሌት የሚያመጡ ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን ብስክሌት ተሽከርካሪ ነውና እንደ ማንኛውም ተሽከርካሪ ቀኙን ይይዛል። ምክንያቱን በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል።

ባጃጁ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ ብስክሌቱ ደግሞ 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ እንበል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጓዙ ከሆነ ባጃጁ ወደ ብስክሌቱ የሚቀርበው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ነው። ብስክሌቱ ግራውን ይዞ ፊት ለፊት ከመጣ ግን በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ይቀራረባሉ። ለማሰብ ያለው ጊዜ ከግማሽ በታች ይሆናል፤ ግጭት ቢደርስም ጉዳቱ እጅግ ይከፋል። በዚህ ላይ ከመጋጠሚያ የሚወጣ አሽከርካሪ ወደ ዋናው መንገድ ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው ተሽከርካሪ ይመጣበታል ብሎ የሚጠብቀውን አቅጣጫ ነው፤ በተቃራኒው የሚመጣውን ብስክሌት ላያየው ይችላል።

የከተማው ጎዳና፣ የአገር አውራ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ውርጌሳን፣ መርሳንና ወልድያን አቋርጦ ያልፋል። ወልድያ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚደርሰው መንገድ መነሻም ናት። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት፣ አርሶ አደር ከብት ወደ ገበያ የሚነዳበትና ባለ ተሳቢ መኪና ከሩቅ አገር ዕቃ ጭኖ የሚያልፍበት መንገድ አንድ ነው። በገበያ ቀን ጋሪው፣ አህያው፣ ባጃጁና ሚኒባሱ በአንድ መስመር ይጋፋሉ። ብስክሌት ነጂውም በመካከላቸው ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በአንድ ዓመት 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌት ነጂዎች እንዲሁም የባለሁለትና የባለሦስት እግር ሞተር ተጠቃሚዎች ናቸው። በዙሪያቸው ብረት የሌላቸው ሰዎች ናቸውና።

አሽከርካሪው ሊያደርገው የሚገባው ነገር ከባድ አይደለም። ብስክሌትን ሲቀድም በጎን ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል መተው በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። ርቀቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ነጂው ጉድጓድ ለመሸሽ ወይም ከከባድ መኪና ነፋስ የተነሣ ሊወዛወዝ ስለሚችል ነው። ይህን ያህል ቦታ ከሌለ ከኋላ ጥቂት መታገሥ ይሻላል። የባጃጅ አሽከርካሪም ተሳፋሪ ለማንሣት በድንገት ወደ ቀኝ ከመታጠፉ በፊት ፍሬቻ ቢያሳይና ወደ ኋላ ቢመለከት ብዙ ጉዳት ይቀራል።

ነጂውም የራሱ ድርሻ አለው። በጨለማ የሚነዳ ሰው ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ወይም አንጸባራቂ ሊኖረው ይገባል። መብራት ያለው ነጂ ለራሱ ከሚያየው ይልቅ ለሌላው የሚታየው ይበልጣል። ከመታጠፉ በፊት እጁን ዘርግቶ ማሳየት፣ ከቆመ መኪና በር መራቅ፣ በጆሮው ሙዚቃ አለመስማትና የራስ ቁር ማድረግም የሥራው አካል ናቸው።

ቤንዚን ሲወደድ

በ2017 ዓ.ም. በአገራችን የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። ዋጋው ሲንር ወይም አቅርቦቱ ሲቆራረጥ የባጃጅ ታሪፍም ይከተላል። ተመሳሳይ ጊዜ ከዚህ በፊትም ነበር። በ1966 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅ በተቀሰቀሰው ጦርነት ሳቢያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ፣ በአዲስ አበባ በየካቲት ወር የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የአብዮቱን መምጣት ካፋጠኑት ድርጊቶችም አንዱ ይህ ነበር። በዚያው ቀውስ ወቅት ኔዘርላንድ እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ አገደች። በመኪና አደጋ የሚሞቱት ልጆች መብዛት ያስቆጣቸው ወላጆች ደግሞ በየጎዳናው ወጥተው ጮኹ። ዛሬ በብስክሌቷ የምትታወቀው ያች አገር ከዚያ በኋላ ለብስክሌት የተለየ መስመር መሥራቱን አጠናከረች። የኔዘርላንድ መሬት ሜዳ ነው፤ ወልድያ ዳገት ናት። ይሁን እንጂ ለውጡን ያመጣው ሜዳው አይደለም፤ ሜዳው አስቀድሞም ነበረ። ለውጡን ያመጣው ለነጂው ቦታ ለመስጠት የተወሰነው ውሳኔ ነው።

ለአርሶ አደሩም ጥቅሙ ግልጽ ነው። በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ባለችው ቡሲያ ሰውና ዕቃ በብስክሌት ማመላለስ ተጀምሮ፣ ዛሬ በሞተር የሚሠራው “ቦዳ ቦዳ” ከዚያ ተወልዷል። በቆቦ ግራና ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርት አርሶ አደርም አንድ ሁለት ሣጥን ለማድረስ ሙሉ ጋሪ መከራየት ላያስፈልገው ይችላል። ነገር ግን ጭነት የራሱ ሥርዐት አለው። ከኋላ ብቻ ተከምሮ የታሰረ ዕቃ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፤ መሪውም አይታዘዝም። ክብደቱን ዝቅ አድርጎ በሁለቱም ጎን ማመዛዘን፣ ገመዱ ከጎማው እንዳይገባ ማሰር፣ ጭነት ያለው ብስክሌት ለመቆም ረጅም ርቀት እንደሚፈልግም ማስታወስ ይገባል።

እሾህና አመለካከት

የሀብሩ ቆላማ መንደሮች መንገድ የግራር እሾህ አያጣውም። ከመነዳሪ ቀድሞ የሚበሳውም በደንብ ያልተነፋ ጎማ ላይ ነው ማለት ባይቻልም፣ አየር ያነሰው ጎማ በድንጋይ ላይ ሲያልፍ ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ይቀደዳል። ከቤት የሚወጣ ነጂ ትንሽ ፖምፓ፣ መለጠፊያና መክፈቻ ቢይዝ ጎሚስታ በሌለበት መንገድ ላይ አይቀርም። ሰንሰለቱን ከአቧራ ጠርጎ ዘይት መቀባትም ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ከእሾህ ይልቅ ለመንቀል የሚያስቸግረው አመለካከት ነው። ብዙዎች ብስክሌትን በልጅነታቸው በደቂቃ ሒሳብ እየተከራዩ ስለተማሩት፣ ሲያድጉ የሚተዉት ነገር ይመስላቸዋል። ደመወዝተኛ ሰው በብስክሌት ቢሮ ሲገባ “ምን ጎደለበት?” የሚል አይጠፋም። ሴት ልጅ ስትነዳ ደግሞ ዓይን ይበዛባታል፤ ቃልም ይወረወርባታል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌት ጋላቢዎች ነበሩ። ከሰባ ዓመት ገደማ በፊት የአገርን ስም ያስጠራ ነገር ዛሬ የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም።

ከተሞቹ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት አገር አቀፍ ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መሄጃ አለው።

ወልድያና መርሳ ለመጀመር ያን ያህል ገንዘብ አያስፈልጋቸውም። የቦዮችን ክዳን መመለስ፣ የፍርግርጉን ቀዳዳ ጎማ እንዳይውጥ ከመንገዱ አግድም ማድረግ፣ የግንባታ አሸዋና ድንጋይ ከመንገድ ጠርዝ ማስነሣት፣ የባጃጅ መቆሚያን መለየት፣ በመናኸሪያ፣ በገበያና በጤና ተቋማት ደጃፍ ብስክሌት የሚታሰርበት ብረት መትከል የማዘጋጃ ቤት አቅም ያላቸው ሥራዎች ናቸው። አስፋልት ሲታደስ ወይም ሲሰፋ ደግሞ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር አስምሮ አንድ ሜትር ተኩል መተው፣ መንገዱ ካለቀ በኋላ አፍርሶ ከመሥራት እጅግ ይረክሳል።

ሕጉ ብስክሌትን ተሽከርካሪ ካለው ዓመታት አልፈዋል። የቀረው በአስፋልቱ ላይ ያን ስም የሚመጥን ቦታ ማግኘቱ ነው።