ሲመታ የሚሠራ ቴሌቪዥን

የድሮ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ «ጎኑን ስመታው ምስሉ ይመለሳል፤ ቱቦው አልቋል ማለት ነው?» እያላችሁ ነው። አይደለም! እባካችሁ በዚህ ምክንያት አትጣሉት።

ሲመታ የሚሠራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ሊድ አለ። መጀመሪያ የፍላይባኩን፣ ማለትም ለቱቦው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ትራንስፎርመር፣ እግሮች እዩ። ዕቃው ከባድ ነው፤ ሲሠራ ይግላል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፤ በዚህ መሀል ሊዱ ይሰነጠቃል። በማጉያ መነጽር ስታዩት እግሩን የከበበ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር ቀለበት ታያላችሁ።

ላዩ ላይ አዲስ ሊድ መደረብ ብዙ አያቆይም። አሮጌውን መጥጣችሁ አውጡ፣ እግሩን አጽዱ፣ ካውያው እግሩንና ቦርዱን እኩል ያሙቅ፤ ሊዱ ከዚያ በኋላ ይግባ። ለድሮ ቦርድ 60/40 የቆርቆሮና እርሳስ ሊድ እመርጣለሁ።

ቴሌቪዥኑ ያልተለመደ ድምፅ ቢያሰማስ? ወፍራም «እምም» ከሆነና ምስሉ ላይ አግድም ጥላ ካለ፣ የፓወሩን ትልቅ ካፓሲተር ጠርጥሩ። ቀጭን ፉጨት ግን የፓል ቴሌቪዥን የ15,625 ኸርዝ ድምፅ ነው፤ ካልጨመረ አያስጨንቅም። «ጠቅ ጠቅ» ካለ ወዲያው አጥፉት።

ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ 300 ቮልት ገደማ ሊይዝ ይችላል፤ የባለቀለም ቱቦ ደግሞ ከ20,000 ቮልት በላይ። ያልሠለጠነ ሰው አይክፈተው።

ድምፁ የሚጀምረው ቴሌቪዥኑ ገና ሳይሞቅ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ይህንና፣ የሠለጠነ ሰው ከከፈተው ደግሞ የቦርዱን ጀርባ ፎቶ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።