ወረርሽኙ በ1911 ዓ.ም. መጥቶ ቢሆን ኖሮ

ያለፈውን መከራ ማሰብ ለሚመጣው ለመዘጋጀት ይረዳልና ዛሬ ለአንባቢዎቻችን አንድ አሳብ ለማቅረብ እንወዳለን። ይኸውም በ2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የኮሮና ወረርሽኝ ከመቶ ዓመት በፊት መጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ባለው በጎጃም ደጋ ምን ጉዳት ያደርስ ነበር የሚል ነው።

የ1911 ዓ.ም. መከራ የታወቀ ነው። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን እንኳ በብርቱ ታመው ነበር። ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ማቃጠልም መታሰቢያው ሆኖ ቀረ።

ነገር ግን ሁለቱ በሽታዎች የሚያጠቁት ሰው አንድ አይደለም። የኅዳር በሽታ በዓለም ሁሉ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጐልማሳ አብዝቶ ገደለ። ኅዳር በደጋው የአጨዳ ወራት ነውና እንዲህ ያለው በሽታ በገባበት አገር ማጭድ የሚይዝ እጅ ይጠፋል። ኮሮና ግን ይልቁንም ሽማግሌውንና ባልቴቷን ያጠቃል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን አስብ። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራና ጎንጅ በጉባኤ ቤታቸው የታወቁ ናቸው። የቆሎ ተማሪው ቀን አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ማታ ከባልንጀሮቹ ጋር በጠባብ ጎጆ ያድራል፤ ቅኔውንም በየኔታ ፊት ይነግራል። በሽታው ቢይዘው እርሱ ጥቂት ስሎ ይድን ይሆናል፤ ሳያውቀው ግን ወደ የኔታ ይዞት ይገባል። በዚያ ዘመን በደጋው ኦክሲጅን አልነበረም፤ ክትባትም አልነበረም። የመኪና መንገድም ስላልነበረ በሽታው የዓባይን በረሃ በነጋዴ በቅሎ ተሻግሮ በገባ ነበር። ዕውቀቱም በብዙው ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ነውና መምህሩ ሲሞት ያልተጻፈው ሁሉ አብሮት ይቀበራል። የኅዳር በሽታ የዓመቱን ቀለብ ቢያስቀር፥ ይህኛው የብዙ ትውልድ ስንቅ በወሰደ ነበር።

ለእኛ ግን ወሬው ከበሽታው ቀደመልን። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከመታወቁ አስቀድሞ ስለ በሽታው በሬዲዮ ሰምተን ነበር፤ በዓመቱም ክትባት መሰጠት ተጀመረ። ይህን ሁሉ እያወቀ «የሚሞተው ሽማግሌ ነው» ብሎ በገበያና በለቅሶ ሲጋፋ የነበረ ወጣት ግን ጥቂት አልነበረም። ይህ አነጋገር የራስን ሥር እንደ መቍረጥ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይገባናል። አንደኛው፥ ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ አስቀድሞ ሽማግሌዎችን መጠበቅ ነው። ሁለተኛው፥ መምህራኑ በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን መጻፍና በድምፅ መቅረጽ ነው። ይህን ሳናደርግ ብንቀር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ተረት በእኛ ላይ ይፈጸማል።