የአማርኛ ፎንት አልጫን ሲል

ከሲሬ የተላከ ማመልከቻ አዲስ አበባ ሲከፈት የባለጉዳዩ ስም በባዶ ሣጥኖች ወይም በላቲን ምልክቶች ተተክቶ ሊታይ ይችላል።

ሣጥን ከታየ የጎደለው የግዕዝ ፎንት ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ኤብሪማ የተባለው ፎንት ፊደሉን ይዞ ስለሚመጣ ችግሩ በአብዛኛው የቆዩ ኮምፒውተሮች ነው። ፎንት ሲጫን «ትክክለኛ ፋይል አይደለም» የሚል መልእክት ከመጣ ፋይሉን ከዚፕ ጥቅሉ ማውጣት፣ ካልተሳካም እንደገና ማውረድ ይገባል፤ ፈቃድ ከተጠየቀ በአስተዳዳሪ መለያ መግባት ያስፈልጋል።

የላቲን ምልክት ከታየ ግን ጽሑፉ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባለ ቀደምት ፎንት የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ተቀባዩ ያንኑ ፎንት ካልጫነ አይነበብም። ስለዚህ ማመልከቻን በዩኒኮድ መጻፍ ወይም በፒዲኤፍ አስቀምጦ መላክ ይመረጣል። ከመላክ በፊት በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ ስምን ማረጋገጥም ከአላስፈላጊ ምልልስ ያድናል።